ባሕር በጀሪካን

ጠዋት ጠዋት ከቤት ከመውጣቴ በፊት የማልዘላት አንዲት ሥራ አለች። ሦስት ሊትር በሚይዝ ጆግ ውኃ እቀዳና ከአኳሪየሙ ሥር፣ ፓምፑ ከተቀመጠበት ትንሽ ገንዳ ውስጥ ቀስ አድርጌ አንቆረቁራለሁ። መስተዋቱ ላይ በማርከር የተሰመረች መስመር አለች፤ ውኃው እሷ ላይ ሲደርስ አቆማለሁ። ከትናንት ወዲህ ተንኖ የሄደው ተተካ ማለት ነው። አንድ ቅዳሜ ጎረቤታችን ቡና ሊጠጡ መጥተው ይህን አዩና «አንተ ልጅ፣ ጨውስ?» አሉኝ።

«ጨው አይጨመርም፣ እማማ።»

«ባሕር ነው አላልክም?»

«ነው። የሚተነው ግን ውኃው ብቻ ነው። ጨውማ የት ይሄዳል፣ እዚያው ነው።»

ትንሽ አሰቡና «እንደ ወጥ ነው በለኛ! ውኃው ሲመጥ ጨዉ ይጠነክራል» አሉ። ከዚያ ወዲህ ለሰው የማስረዳው በእሳቸው ወጥ ነው።

የጆጓ ነገር ቀላል ይመስላል፤ ሂሳቡ ግን ያስደነግጣል። 200 ሊትር ከሚይዝ ገንዳ በቀን 3 ሊትር ቢተን በዓመት 1,095 ሊትር ይሆናል። ገንዳው በዓመት አምስት ጊዜ ተኩል ያህል ደርቆ ይሞላል እንደ ማለት ነው። በዚያ ሁሉ ውኃ ውስጥ ሟሙቶ የመጣ ነገር ካለ አብሮ አይተንም፤ ይከማቻል። የምንጨምረው ውኃ በሊትር 20 ሚሊግራም ናይትሬት ይዟል እንበል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ጣሪያ 50 ስለሆነ ይህ ሰው ሳይሰጋ የሚጠጣው ውኃ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ግን አኳሪየሙ ውስጥ በሊትር ወደ 110 ሚሊግራም ተጠራቅሟል። ዓሣው ምናልባት ይችለዋል፤ ኮራል የሚባለው የባሕር እንስሳ ግን ቀድሞ ቡናማ ሆኗል፣ ድንጋዩም አረንጓዴ ሣር ለብሷል። ስለ ባሕር ውኃ አኳሪየም የተጻፈው አብዛኛው ነገር ጨው ጨው ይላል። ከጀሞ ሆኜ ለማየው ለእኔ ግን ጣጣው ሁሉ የሚመጣው ጨው ከሌለው ውኃ ነው።

ጀሞ ያለበት የአዲስ አበባው ነፋስ ስልክ ላፍቶ ለእንዲህ ያለ ሥራ እንግዳ ቦታ ይመስላል። ያለነው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ቢሆንም ባሕሩ በሐዲድ ታስሮልናል፤ ለቡ ካለው ጣቢያ የሚነሳው ባቡር 750 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ጅቡቲ ይገባል፣ እዚያም የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ሕያው ኮራል አለው። መስመሩ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2016 የተመረቀውም እዚሁ ለቡ ላይ ነበር። የዓሣ ትምህርትም ሩቅ አይደለም። በጀሞ በኩል ወደ ሰበታ ከወጡ ብሔራዊው የዓሣና የውኃ ሕይወት ምርምር ማዕከል አለ፤ ሥራው ግን ቆሮሶና ዱባ በሚባሉት ዓሦች ላይ እንጂ ኮራል ላይ አይደለም። ስለዚህ በዚህ ሰፈር ሪፍ፣ ማለትም የኮራል ገንዳ፣ የሚያኖር ሰው ትምህርቱን ከውጭ ይወስዳል፣ ልኩን ግን ለራሱ ቤት ደግሞ ማውጣት አለበት።

ሪፍ የሚፈልገው ውኃ በቁጥር ሲነገር ቀላል ነው። በኪሎ ግራም ውኃ 35 ግራም ገደማ ጨው (ሰሜን ቀይ ባሕር ከ40 ያልፋል)፣ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሙቀት፣ ከ8.1 እስከ 8.3 ፒኤች፣ በሊትር 420 ሚሊግራም ገደማ ካልሲየም፣ 1,300 ገደማ ማግኒዚየም፣ ከ7 እስከ 9 የጀርመን ዲግሪ የሚሆን አልካሊኒቲ (ውኃው አሲድን የመቋቋም አቅም)፣ ናይትሬትና ፎስፌት ደግሞ ለስም ያህል። አሞኒያና ናይትራይት ጭራሽ መታየት የለባቸውም። ማንም ሰው እነዚህን ቁጥሮች አንድ ቀን ሊያገኛቸው ይችላል። ከባዱ እንዲቆዩ ማድረግ ነው። ኮራል ትንሽ የተሳሳተ ግን የማይነቃነቅ ቁጥርን፣ በየሳምንቱ ከሚዋዥቅ ትክክለኛ ቁጥር ይልቅ ይታገሣል። የምንኖረው ደግሞ ሁሉ ነገር በሚዋዥቅበት ከተማ ነው።

ከቧንቧው እንጀምር። አዲስ አበባ ከገፈርሳ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 ከተገነባው ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች የገጸ ምድር ውኃ ታገኛለች፤ ደቡቡን የከተማ ክፍል በአመዛኙ የሚመግበው ግን የአቃቂ የጉድጓድ ውኃ ነው። ሁለቱ ውኃዎች ለጠጪ አንድ ናቸው፣ ለኮራል ግን የተለያዩ ናቸው። የግድቡ ውኃ ክረምት ሲገባ ጭቃ ይሆናል፤ ጭቃው እንዲዘቅጥ አልሙኒየም ሰልፌት ይጨመርበታል፣ ከዚያ ክሎሪን ይከተላል። የአቃቂው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ መሐል የሚወጣ ስለሆነ ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ባይካርቦኔት ይዞ ይመጣል። ይህ ባልከፋ፤ ኮራልም የሚበላው ይህንኑ ነው። ግን እንዲህ ካለው ድንጋይ የወጣ ውኃ ሲሊካም አይጎድለውም። አዲስ አኳሪየም ከፍቶ በሁለተኛው ሳምንት አሸዋው ላይ ቡናማ ዱቄት የመሰለ ነገር የተነሰነሰበት ሰው ያየው ሲሊካ የሚበላ ዲያተም የሚባል ደቂቅ አልጌ ነው። ናይትሬትም አለ። ሽንት ቤት ጉድጓዱና የውኃ ጉድጓዱ በሚጎራበቱባት ከተማ በአንዳንድ ምንጮችና ጉድጓዶች ናይትሬት ከፍ ብሎ መገኘቱን ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል።

ከዚያ ደግሞ በቧንቧውና በእኛ መካከል ሮቶ አለ። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ የምንጠቀመው ሌሊት የገባውን፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ የከረመውን ነው። አንዳንዴ ለጤና ሲባል አንድ ሰው የውኃ ማከሚያ ክሎሪን ይጨምርበታል፤ ደግ ሥራ ነው። እኔ ግን ሳልጠይቅ ከዚያው በቀዳሁ ማግስት ቀንድ አውጣዎቼን ሁሉ ተገልብጠው አገኘኋቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የመመርመሪያዋ ጠብታ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጣ ነበር። ክሎሪን አንድ ቀን ሙሉ በአየር ፓምፕ እያናፈሱት ቢያቆዩት ይወጣል፣ ወይም በከሰል ማጣሪያ ይያዛል። ከነሐስ ቫልቭና ከውኃ ማሞቂያ የሚመጣው መዳብ ግን በማቆየት አይወጣም። አጥንት የሌለው የባሕር እንስሳ ሁሉ፣ ከሽሪምፕ እስከ ኮራል፣ ከመዳብ የባሰ የሚጠላው ነገር የለም።

«ዝናብስ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ጥያቄው የሞኝ አይደለም፤ ሐምሌና ነሐሴ ሰማዩ የሚሰጠው ውኃ በተፈጥሮው የተጣራ ነው። ችግሩ ጣራው ነው። ቆርቆሯችን ዚንክ የተቀባ ብረት ስለሆነ በእሱ ላይ የወረደ ዝናብ ዚንክ ይዞ ይወርዳል፣ ዚንክ ደግሞ ከመዳብ ቀጥሎ የሚፈራ ነው። እኔ ሳሪስ እናቴ ግቢ ውስጥ አራት ካሬ ሜትር ንጹሕ ላስቲክ በአራት እንጨት ወጥሬ፣ የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት ዝናብ አቧራውን አጥቦ እንዲሄድ እተውና ከዚያ በኋላ ያለውን እቀበላለሁ። 25 ሚሊሜትር ከዘነበ መቶ ሊትር ነው። እናቴ መጀመሪያ ጎረቤት ምን ይለናል ብላ ነበር፤ አሁን ጀሪካኑን ቀድማ የምታወጣው እሷ ናት።

መስከረም ሲጠባ ግን ይህ ያበቃል። የቀረው መንገድ ሪቨርስ ኦስሞሲስ የሚባለው ማጣሪያ ነው፤ ውኃን በግፊት በቀጭን ገለፈት ውስጥ አሳልፎ የሟሟውን ሁሉ ማለት ይቻላል ወደ ኋላ የሚያስቀር። የሚያመልጠውን ትርፍራፊ ደግሞ መጨረሻ ላይ ያለው ሬዚን ይይዘዋል። እዚህ ላይ ሰፈራችን ሦስት ነገር ያቀርብልናል፤ ሁሉም ለማጣሪያው አይመቹም። አንደኛው ግፊት ነው፤ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚደርሰው ውኃ ያለ ረዳት ፓምፕ ገለፈቱን አይበሳውም። ሁለተኛው ቅዝቃዜ ነው፤ ማጣሪያው ላይ የተጻፈው የቀን ምርት 25 ዲግሪ ለሆነ ውኃ ስለሆነ በታኅሣሥ ሌሊት ውኃ ምርቱ ከዚያ በጣም ያንሳል። ሦስተኛው ነው የሚያሳፍረው። ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ሦስት ወይም አራት ሊትር ወደ ፍሳሽ ይሄዳል። ለትነቱ 1,095 ሊትር፣ በየሳምንቱ 20 ሊትር ውኃ ለመቀየር ደግሞ 1,040 ሊትር ብንል፣ በዓመት ከ6,000 ሊትር በላይ የሚፈስ ውኃ ነው፤ ስድስት ትልልቅ ሮቶ። ጎረቤት ውኃ ሲመጣ ለመቅዳት በሌሊት በሚነሳበት ሕንፃ ይህን መድፋት የሚያስችል ፊት የለኝም። ደግነቱ ያ «ቆሻሻ» የሚባለው ውኃ ቆሻሻ አይደለም፤ የቧንቧው ውኃ ትንሽ ጠንክሮ ነው። በቤታችን ልብስ የሚታጠበው፣ ወለል የሚወለወለው፣ ሽንት ቤት የሚደፋው በእሱ ነው። ይህን ሳያመቻች ሪፍ የሚጀምር ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ባይጀምር እላለሁ።

ወደ ጨው ስመጣ አጭር ልሁን፤ እዚህ ያለው ስህተት አንድ ብቻ ነው። አገራችን ጨው አላት፣ ያውም አፍዴራን የመሰለ ምንጭ፣ ታዲያ ከውጭ በውድ የሚገዛው ለምንድን ነው? ከባሕር ጨው 85 በመቶው ያህል ሶዲየምና ክሎራይድ ነው፤ ሪፍን ሪፍ የሚያደርገው የቀረው 15 በመቶ ነው፦ ሰልፌት፣ ማግኒዚየም፣ ካልሲየም፣ ፖታሲየም። ጨው በፀሐይ ሲደርቅ ካልሲየሙ በአብዛኛው ቀድሞ በጂፕሰም መልክ ይዘቅጣል፣ ማግኒዚየሙ በመራራው ውኃ ውስጥ ይቀራል፣ ለገበያ የሚታፈሰው መሐል ያለው ብቻ ነው። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 ከወጣው ደንብ ወዲህ የገበታ ጨው አዮዲን ይጨመርበታል። ለወጥ ግሩም ነው፣ ለኮራል ግን ባሕር አይሆንም። አፍዴራን ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር፤ ከባሕር ጠለል በታች ባለው በዚያ ጨዋማ ሐይቅ ዳር፣ በፍል ውኃዎቹ አካባቢ፣ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ ሁለት ትናንሽ የዓሣ ዝርያዎች ይኖራሉ። የጨው ውኃ ዓሣ ናፍቆት ያለበት ኢትዮጵያዊ መጀመሪያ የእነሱን ስም ቢያውቅ ደስ ይለኝ ነበር፦ ዳናኪሊያ ፍራንኬቲ አንደኛው ነው።

በውጭ መጻሕፍት ጨርሶ የማይገኘው የከፍታችን ጉዳይ ነው። ጀሞ ላይ የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። 25 ዲግሪ የሆነ የባሕር ውኃ ምፅዋ ላይ በሊትር 6.7 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ሲይዝ እኛ ሳሎን ውስጥ 5.1 ያህል ነው የሚይዘው፣ ያውም ጠግቦ። አባዝተን እንየው፤ 200 ሊትር ውኃ ውስጥ ያለው ኦክስጅን በሙሉ አንድ ግራም ነው። የአንድ ወረቀት ክሊፕ ክብደት። ዓሣው፣ ኮራሉ፣ አሸዋው ውስጥ ያለው የባክቴሪያ ሠራዊት ሁሉ ሌሊቱን የሚያድረው በዚያች አንድ ግራም ነው፤ ውኃው ተንቀሳቅሶ በየደቂቃው ካልተተካች በቀር። አረፋ እየሠራ ቆሻሻውን የሚለቅመው ስኪመርም እዚህ ሲሠራ የሚስበው አየር ያው መጠን ቢሆንም ውስጡ ያለው ኦክስጅን ሩብ ያንሳል። ስለዚህ በሌላ አገር ለ200 ሊትር ይበቃል የተባለው የዓሣ ቁጥር ለእኛ ይበዛል። እኔ በግማሽ ቀንሼዋለሁ፤ ተጸጽቼም አላውቅም።

ከፍታው በጎ ጎንም አለው። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊትም አብሮ ስለሚያንስ፣ መስኮት በተከፈተበት ክፍል ያለ ውኃ በዚያው አልካሊኒቲ ፒኤቹ ከባሕር ዳርቻው በ0.1 ገደማ ከፍ ይላል፤ አውሮፓ ክረምት ላይ ቤቱን ዘግቶ ፒኤች ወረደብኝ ብሎ የሚያማርረው ሰው ይቀናብናል። ይቀናብን የነበረው ግን ቡና እስኪፈላ ነው። እሑድ ከሰሉ ተቀጣጥሎ፣ ረከቦቱ ተዘርግቶ፣ እጣኑ ሲጨስ መለኪያዬ ከ8.2 ወደ 8.0 ሲወርድ ዓይኔ እያየ ነው። ሦስተኛው ስኒ ሲጠጣ መስኮት ይከፈታል፣ ማታ ላይ ይመለሳል። ቡናው ይቅር ያለ ሰው የለም፤ ረከቦቱ ግን አሁን በረንዳው በር አጠገብ ነው።

የመብራቱ ነገር ከዚህ ሁሉ ይከፋል። ሌሎች አገሮች ባሕራቸውን ለማቀዝቀዝ ይጨነቃሉ፤ የእኛ ጭንቀት ማሞቅ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ በረዶ ሊሆን ምንም አይቀረው። መብራት ሲጠፋ 200 ሊትር ውኃ በሰዓት ግማሽ ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል፤ ስድስት ሰዓት ቢቆይ ሦስት ዲግሪ። በብርድ ልብስ ከተጠቀለለ ከዚያም ያነሰ። ሰው ሁሉ የሚሮጠው ወደ ሙቀቱ ነው፣ የሚገድለው ግን ሙቀቱ አይደለም፤ ቀድማ የምታልቀው ያቺ አንድ ግራም ናት። በመጀመሪያው ዓመቴ ይህን ሳላውቅ ጀሪካን ሙሉ የፈላ ውኃ ገንዳው ጎን አስደግፌ ተኝቻለሁ፤ ጠዋት ውኃው ሞቃት ነበር፣ ዓሦቹ ግን በውኃው ገጽ ላይ አፋቸውን ይከፍቱ ነበር። አንዱ አልተረፈም። ያኔ ያደረግኩትን አሁንም አደርገዋለሁ፤ በጆግ እየቀዱ ከከፍታ መልሶ መገልበጥ፣ ሻይ እንደሚያቀዘቅዝ ሰው። በኋላ ሳነብ ለካስ ይህ የዘርፉ የመጀመሪያው ዘዴ ኖሯል። አና ቲን የምትባል ሴት እ.ኤ.አ. በ1846 ከቶርኪ ባሕር ዳር ኮራል በማሰሮ ይዛ ለንደን ስትገባ፣ ሠራተኛዋ በተከፈተ መስኮት አጠገብ ውኃውን ከዕቃ ወደ ዕቃ እየገለበጠች ነበር ያቆየችላት። የለንደን የእንስሳት ማቆያ የመጀመሪያውን የሕዝብ አኳሪየም የከፈተው ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1853 ነው። ዛሬ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ከማንኛውም ውድ መሣሪያ ቀድሞ የሚገዛ ነው፤ መብራት ሲመለስ የሚመጣውን የኤሌክትሪክ ግፊት ለመከላከል ደግሞ ስታቢላይዘር።

ውኃን በጥራት ስለ ማቆየት ባለፉት ስድሳ ዓመታት የተካሄደው ክርክር ብዙ ነው፤ ለእኛ የሚበጀውን ከማይበጀው መለየት ግን አይከብድም። ሊ ቺን ኤንግ የተባለው የጃካርታ ሰው እ.ኤ.አ. በ1961 በጻፈው ዘዴ ከባሕር የወጣ ሕያው ድንጋይ፣ ፀሐይና አንድ የአየር ቱቦ ብቻ ይበቃ ነበር። መሠረቱ እስካሁን አልተሻረም፤ አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት፣ ኦክስጅን በሌለበት የድንጋዩ ጓዳ ደግሞ ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጂን ጋዝ የሚያባርሩት ባክቴሪያዎች ናቸው። ግን ጃካርታ ያለ ሰው ውኃው ሲበላሽ ባሕሩ ደጁ ላይ ነው። በርሊኖች በነፔተር ቪልከንስ ዘመን በዚህ ላይ ኃይለኛ ስኪመር፣ ብርቱ መብራትና የኖራ ውኃ ጨመሩ። የሞናኮው ዣን ዦበር ጥልቅ አሸዋ ከሥሩ ባዶ ክፍል አድርጎ ባክቴሪያው ሁሉን እንዲሠራ አደረገ። አሜሪካዊው ዋልተር ኤዲ ደግሞ በስሚዝሶኒያን አልጌውን በወንፊት ላይ አብቅሎ፣ እያጨደ፣ ቆሻሻውን በእሱ አወጣ።

እኔ ከበርሊኖቹ ጀምሬ ወደ ኤዲ ዞሬያለሁ። ስኪመር ሃያ አራት ሰዓት መብራት ይፈልጋል፣ ይህን ቃል የገባልን የለም። የዦበር አሸዋ ያምራል፤ ፓምፑ ስድስት ሰዓት ሲቆም ግን ጥልቁ አሸዋ ወደ ላይ የሚልከው ነገር ያስፈራኛል። አልጌ ወንፊቱ በአንጻሩ መብራት ሲጠፋ ይተኛል፣ ሲመጣ ይነሳል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ እፍኝ አጭዳለሁ፣ የእናቴ ጎመን መደብ በደስታ ይቀበላታል፤ መጀመሪያ ጨዉን በደንብ አለቅልቄ። ቮድካ ጠብ እያደረጉ ባክቴሪያን በማብዛት ናይትሬት የሚያወርዱም አሉ፤ በእኛ አገር አቼቶ ይረክሳል። አረቄ የሞከረ ወዳጅ አለኝ፤ ያመጣው ሽታ ለሳምንት አልለቀቀም። ዘዴው በራሱ ይሠራል፣ ግን የሚባዛው ባክቴሪያ ኦክስጅን ይበላል፣ ኦክስጅናችን ደግሞ ምን ያህል እንደሆነ ተናግሬያለሁ።

ስለ ትርፍ ምግብ መማር የፈለገ ሰው መጽሐፍ አያስፈልገውም። መካኒሳ ድልድይ ላይ ቆሞ ትንሹን አቃቂ ይመልከት። የከተማው ፍሳሽ፣ የቆዳ ፋብሪካው፣ የቤቱ ሁሉ እየገባበት ወርዶ አባ ሳሙኤል ግድብ ይጠራቀማል፤ ለኤሌክትሪክ የተሠራው ያ ሐይቅ እንቦጭ ሲለብስ ኖሯል። እንቦጩ በሽታው አይደለም፣ የበላው ፎስፌትና ናይትሬት ምልክት ነው። አኳሪየም ውስጥ አልጌ ባየ ቁጥር አልጌ ገዳይ መድኃኒት የሚገዛ ሰው እንቦጭ በእጅ እየነቀለ ፍሳሹን ሳይዘጋ እንደሚውል ሰው ነው። ቀላሉ መድኃኒት ዓሣውን በየሁለት ቀኑ፣ ያውም በቁንጥር መመገብ ነው። እንግዳ ሲመጣ «ርቧቸዋል» ብሎ አንድ እፍኝ የሚጥል አለ፤ ምን ይደረጋል፣ እንግዳ ነው።

የቀረው አጥንቱ ነው። ኮራል ካልሲየምና ካርቦኔት እየለቀመ ድንጋይ ይሠራል፣ የለቀመውም መመለስ አለበት። ቪልከንስ ያስተማረው የኖራ ውኃ ርካሹ መንገድ ነው፤ ኖራን በንጹሕ ውኃ በጥብጦ፣ አዝቅጦ፣ ከላይ የጠለለውን ብቻ በዚያችው የትነት ጆግ ምትክ ሌሊቱን ጠብ ጠብ ማድረግ። ፒኤቹ ከ12 ስለሚበልጥ በአንዴ የሚደፋ አይደለም። ግድግዳ ለመቀባት የሚሸጠው ኖራ ግን አይሆንም፣ ውስጡ ያለው አይታወቅም፤ ለምግብ የተዘጋጀው ነው የሚፈለገው። አልካሊኒቲው ብቻ ሲወርድ ደግሞ ተራው የዳቦ ቤት ባይካርቦኔት ይበቃል።

በወላጆቼ ቡፌ ላይ፣ ከሠርጋቸው ፎቶ አጠገብ፣ አባቴ በወጣትነቱ ከምፅዋ ያመጣት ነጭ ኮራል አለች። ልጅ ሆኜ ድንጋይ ትመስለኝ ነበር፤ ድንጋይም ናት። ከ120 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ቀይ ባሕር ዳናኪል ረባዳ ውስጥ ዘልቆ ሳለ የበቀለ ሪፍ ዛሬም በረሃው ዳር ላይ ደርቆ ይታያል። የዓባይ ሸለቆ ኖራ ድንጋይም የዳይኖሰር ዘመን ባሕር ወለል ነው፤ ኮራል ቅሪት አለበት። ስለዚህ ጀሞ ውስጥ ኮራል ማኖር እንግዳ ነገር ነው ለሚሉኝ እንግዳው ባሕሩ እንጂ ኮራሉ አይደለም እላቸዋለሁ። የአባቴን ኮራል ግን ገንዳው ውስጥ አልከተትኩም። አርባ ዓመት የቤት አቧራ፣ የወለል ሰምና የዝንብ መርዝ የጠጣች ናት።

ሕያው ኮራል ማስገባት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ድንጋያማ ኮራሎች ሁሉ ሳይቲስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ናቸው፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ አባል ናት። ያለ ፈቃድ በሻንጣ ማምጣት በዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ሊያስጠይቅ ይችላል፤ ከዚያም በላይ፣ ከተነቀለበት ባሕር ይልቅ በገንዳ የተራባውን ቁራጭ መፈለግ ለውኃውም ይጠቅማል። በገንዳ ያደገ ኮራል የገንዳን ውኃ ያውቃል።

ምን ልግዛ ብለው ለሚጠይቁኝ፣ ከገንዳው በፊት ሁለት ነገር እላለሁ፦ ሪፍራክቶሜትርና የቲዲኤስ መለኪያ። አንዱ ጨውን፣ ሌላው የምንጨምረውን ውኃ ንጽሕና ያያል። ሪፍራክቶሜትሩን በተጣራ ውኃ ዜሮ ላይ አድርጎ ማረጋገጥ በቂ አይደለም፣ 35 በሆነ ማመሳከሪያ ፈሳሽም ይፈተሽ፤ የእኔው ለስምንት ወር ሁለት ነጥብ ዋሽቶኛል። አሞኒያን በየቀኑ መለካት የሚያስፈልገው ገንዳው አዲስ በሆነባቸው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ነው፤ ከዚያ በኋላ አልካሊኒቲ በሳምንት ሁለቴ ከተለካ ሌላው ሁሉ በእሱ በኩል ይናገራል።

ዛሬ ማክሰኞ ነው፣ የእኛ ፈረቃ። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ቧንቧው መጀመሪያ ያስላል፣ ከዚያ ይተነፍሳል፣ ከዚያ ይመጣል። ፓምፑን አበራሁ። የመጀመሪያውን ሩብ ሰዓት ወደ ልብስ ማጠቢያው በርሜል ለቀቅሁት። መለኪያውን ነከርኩ፤ ሲገባ 340፣ ሲወጣ 3። ጀሪካኑን ደቀንኩ።